ሥራው ለተሳካላት ልጄ

የኔ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ቱሉ ዲምቱ እንደምታውቂው ነው፤ ውኃ ትመጣለች፣ ትጠፋለች። ትናንት እናትሽ ሌሊቱን ጠብቃ ጀሪካኑን ሁሉ ሞላችው። አሁን ኮሪደሩ ላይ እግር ማሳረፊያ የለም።

ባለፈው ስትደውዪ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ስለ እኔ አታስብ፤ የነርስነት ሥራው እጄ ላይ ገብቷል» አልሽኝ። ደስ አለኝ። የመውጫ ፈተናው ሰሞን ማታ ማታ «ጸልይልኝ» ስትይኝ የነበርሽ ልጅ ናትና እንዲህ ያለችው። ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። የይሁዳው ንጉሥ አሳ።

በእግዚአብሔር ስለ መታመን ሲሰበክ ሁልጊዜ የሚነሳው ዳዊትና ወንጭፉ ነው። ጥሩ ነው። አሳ ግን ጦርም ሀብትም ያለው ሰው ነበር። ለዚህ ነው ለአንቺ የመረጥኩት።

ሁለተኛ ዜና መዋዕል 14ን ክፈቺ። አገሩ ለ10 ዓመት ሰላም ነበር። እሱም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ከተሞቹን በቅጥርና በግንብ አጠረ። ከይሁዳ 300,000፣ ከብንያም 280,000 ወታደር ነበረው። ከዚያ ኢትዮጵያዊው ዝሪ አንድ ሚሊዮን ሰውና 300 ሠረገላ ይዞ መጣበት።

የሐሙስ ኅብረታችን እኛ ሳሎን ነበር። መብራት ጠፍቶ አንዱ ልጅ በሞባይሉ ያነብልናል። እዚህ ጋ ሲደርስ ታች ቤት ያሉት እማማ መነጽራቸውን አውልቀው «እና የምንሸነፈው እኛ ነን ማለት ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። የዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው የኩሽ አገር ነው ብለን ልናጽናናቸው ሞከርን። አልተጽናኑም።

ያን ሁሉ ጦር አሰልፎ፣ ቅጥሩን ሠርቶ ጨርሶ ነው አሳ «አንተን ተማምነን ወጥተናል፣ እርዳን» ብሎ የጮኸው። እግዚአብሔርም ድል ሰጠው። ዝግጅቱም ጸሎቱም አንድ ላይ ሄዱ። እግዚአብሔርን ታምኛለሁ ብላ የመድኃኒቱን ልክ ሳታነብ የምትወጋ ነርስ እኔን እንዳታክመኝ!

አሁን ወደ ምዕራፍ 16 እለፊ። አሳ በነገሠ በ36ኛው ዓመት የሰሜኑ መንግሥት የእስራኤል ንጉሥ ባኦስ ራማን መሸገበት። ራማ ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን ቅርብ ናት፤ መንገዱን ዘጋበት። ያም ሆኖ የዝሪን ሚሊዮን ላየ ሰው ባኦስ ምንም አልነበረም። አሳ ግን አልጸለየም። ከቤተ መቅደሱና ከቤተ መንግሥቱ ብርና ወርቅ አወጣና ደማስቆ ላለው ለሶርያ ንጉሥ ለወልደ አዴር ላከ። ከባኦስ ጋር ያለህን ውል አፍርስልኝ አለው።

ሠራለትም። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ወልደ አዴር የእስራኤልን ከተሞች መታ፤ ባኦስ ራማን መሥራቱን ተወ። አሳ ድንጋዩንና እንጨቱን አስግዞ ጌባንና ምጽጳን ሠራበት። ዛሬ በዜና ብንሰማው ምን ዓይነት ብልህ መሪ ነው ባልን ነበር። አልተሳካለት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ተመልሶ ይጸልይ ነበር። ተሳካለትና ቀረ።

ባለ ራእዩ አናኒ መጥቶ ያንን ታላቅ ጦር በእጅህ የሰጠህን ረሳኸው ወይ አለው። አሳ ተቆጣ፤ ሰውዬውን ግዞት ቤት አስገባው። በ39ኛው ዓመት እግሩን ታመመ፤ ሕመሙ ጠናበት። ያኔም ሐኪሞቹን ፈለገ እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም ይላል።

ይህን ስታነቢ በሐኪሞቹ ስም እንዳትቀየሚ። ሕዝቅያስ ቁስል ሲወጣበት የበለስ ጥፍጥፍ አድርጉበት ያለው ራሱ ኢሳይያስ ነው። ሐኪም መፈለጉማ ምን ይለዋል! ያ በሚሊዮን ጦር ፊት የጮኸ አፍ በገዛ እግሩ ሕመም ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ።

ጸልየሻል ወይ እያልኩ በስልክ አልቆጣጠርሽም፤ ትልቅ ሰው ነሽ። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ጓደኛም ትሁን፣ አብራሽ ተረኛ የምትገባ አንዲት ትልቅ ሴት፣ ሳትፈራ የምትነግርሽ ሰው ካለች አትቆጫት። በእኔ ግምት አሳን ከወርቁ ይልቅ የጎዳው አናኒን ማሰሩ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

እናትሽ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች። ቅዳሜ አንድ ዘመዳችን ወደ እናንተ ይመጣል፤ መናኸሪያ ወጥተሽ ተቀበዪው። ስልክሽን እንዳትዘጊ።

አባትሽ