ለአበጀ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ

ወንድሜ አበጀ፣

እንደምን ከረምክ? እማማ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ነሐሴ 2015 ኔትወርክ ሲጠፋ «ሲመለስ እደውላለሁ» አልኩ። ሲመለስ ደግሞ አፈርኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

የተጣላነው በጠመንጃ ወሬ ነው። የጦር መሣሪያ ቁጥጥር አዋጁ፣ አዋጅ 1177፣ በ2012 ከወጣ ጀምሮ ስንነታረክ ነበር። እኔ «ለመኪና መንጃ ፈቃድ የምታወጣ ሰውዬ ለጠመንጃ ምን ከበደህ?» አልኩህ። አንተ «መንጃ ፈቃዴን አይቶ መኪናዬን ሊወስድ የሚመጣ የለም» አልከኝ። መልስ ስላጣሁ ነው የዘጋሁት።

አሁን የሆነውን ስማ። የምሠራበት ነዳጅ ማደያ ሌሊት ተዘረፈ። ተራው የሌላ ልጅ ነበር፤ እሱም ምንም አልሆነም። ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ሽጉጥ ልግዛ ብዬ ተነሣሁ። እኔ!

ሜሪላንድ ውስጥ ዝም ብለህ ሽጉጥ አትገዛም። በፈረንጅ ከ2013 ጀምሮ መጀመሪያ ፈቃድ ነው። የአራት ሰዓት ሥልጠና ትወስዳለህ፣ ቢያንስ አንድ ጥይት ትተኩሳለህ፣ አሻራ ትሰጣለህ፣ 50 ዶላር ትከፍላለህ። ፖሊስ ማመልከቻህን እስከ 30 ቀን ያያል። ፈቃዱ ደርሶም ሽጉጡን ለመረከብ ሰባት ቀን ትጠብቃለህ። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ የሚኖረው ጓደኛዬ ግን ሱቅ ገባ፣ ስሙን አጣሩ፣ ይዞ ወጣ።

ሥልጠናው ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሲያጉረመርሙ ዋሉ። «በ1791 ሕገ መንግሥቱ ላይ የተጻፈልኝን መሣሪያ የመያዝ መብት ለምን አስፈቅዳለሁ?» ይላሉ። ቁርጥ አንተን! ጋቢ ብቻ ነው የቀራቸው። እዚህ ክርክሩ ፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ኒውዮርክ ሽጉጥ ይዞ ለመውጣት «ልዩ ምክንያት አምጣ» የምትልበትን ሕግ ሻረ። የሜሪላንድን ፈቃድ ግን ይግባኝ ሰሚው በ2024 አጸናው። ከሳሾቹ ተበሳጩ፤ ጫካ የገባ ግን የለም።

አሻራ የሰጠሁ ቀን ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። ጣቴን መስታወቱ ላይ ሳስቀምጥ ሆዴ ፈራ። ስሜ የት ይገባል? ነገ የሚመጣው ሰውዬስ ምን ያደርግበታል? በእኛ በ1960 ሞጣ ላይ ግብር መዝጋቢውን አናስገባም ስላሉት አባቶች ስታወራልኝ «የድሮ ታሪክ ተው» እልህ ነበር። «የፈሩት ብሩን ብቻ አይደለም፣ መዝገቡንም ነው» ትለኝ ነበር። ያኔ አልገባኝም።

ደግሞ አሸነፍኩ ብለህ እንዳትኮፈስ። በአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ የተተኮሰችው ጥይት የማንን ጣሪያ እንደበሳች ታውቃለህ። ሕፃኑ ከመደቡ ባይነሣ ኖሮስ? ያ ተኳሽ አራት ሰዓት ቁጭ ብሎ ቢማር ምን ይጎድልበት ነበር? ሥልጠናው ይኑር ባይ ነኝ፤ ዛሬም። የከበደኝ ዝርዝሩን የሚይዘው ሰው ነው።

ፈቃዱ መጣ፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሽጉጡን ግን አልገዛሁም። አለቃዬን ለምኜ ወደ ቀን ተራ ዞርኩ።

የአባትህ ምንሽርስ የት ደረሰች? ተመዘገበች ወይስ? በስልክ እንዳትመልስልኝ። ይህን ደብዳቤ ላመጣልህ ልጅ በቃል ንገረው።

ያንተው
ጌታቸው