የትንበያ ዳታው ሲቀየር ሳይቃጠል በቅጠል፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለሜትሮሎጂ አገልግሎቱ የመረጃ ስርጭት ክፍል

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በቀን አራት ዙር ትንበያ ታወጣላችሁ፤ እኛ ከሰርቨራችሁ እናወርዳለን። «እኛ» ስል የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚያዘጋጁትን፣ የግድብ ውኃ የሚለቁና የሚይዙትን፣ ለገበሬ የስልክ መልእክት የሚልኩትን፣ የአየር ሁኔታ አፕ የሚሠሩትን ማለቴ ነው። አብዛኞቻችንን አታውቁንም። ዳታው ክፍት ስለሆነ ማንም ሳይመዘገብ ይወስዳል። ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ጣጣው ዳታው ሲቀየር ነው፤ ለማን ትናገራላችሁ?

ትንበያውን የሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴል አይነካ አልልም። ካልተነካ ትንበያው አይሻሻልም። ጂኤፍኤስ የተባለው የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ትንበያ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 16ኛው ቨርዥን ሲሸጋገር የከባቢ አየሩን ንብርብሮች ከ64 ወደ 127 አሳድጓል። ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ በዚያው ለውጥ ፋይሎቹ የሚገኙበት መንገድም ተቀየረ፤ «አትሞስ» የምትል አንዲት ፎልደር መሀል ገባች። የድሮውን አድራሻ ስክሪፕቱ (ፋይሎቹን በራሱ የሚያወርድና የሚያነብበው ትንሽ ፕሮግራም) ውስጥ የተወ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል።

እውነቱን ለመናገር ግን እንዲህ ያለው ብልሽት ቀላሉ ነው። ስክሪፕቱ ይቆማል፣ ስልክ ይጮኻል፣ አንዱ ከእንቅልፉ ተነስቶ እያጉረመረመ ያስተካክለዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ምንም ሳይቆም የሚቀየረው ነው።

ዝናብን እንይ። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ከትንበያው መነሻ ጀምሮ የተጠራቀመውን ዝናብ በሜትር ይሰጣል። በየስድስት ሰዓቱ የጣለውን ለየብቻ፣ በሚሊሜትር የሚሰጥም አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እናንተ እስከ ዛሬ የተጠራቀመውን ትሰጡን ነበር እንበል። በ6ኛው ሰዓት 4 ሚሊሜትር፣ በ12ኛው 10፣ በ18ኛውም 10። የእኛ ስክሪፕት ካሁኑ የቀደመውን ይቀንስና 4፣ 6፣ 0 ያወጣል። አሁን ሳትነግሩን የየስድስት ሰዓቱን መስጠት ጀመራችሁ። ፋይሉ 4፣ 6፣ 0 ይላል። ስክሪፕቱ የለመደውን መቀነስ ይቀጥላል፤ 4፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ ከዜሮ በታች 6!

ከዜሮ በታች ዝናብ የለምና ሰው ይነቃል ትሉ ይሆናል። አይነቃም። ዳታው ሲታመቅ በሚፈጠር ጥቃቅን ስህተት ምክንያት ቅነሳው አንዳንዴ ከዜሮ በታች የሆነች ኢምንት ቁጥር ስለሚያመጣ፣ ብዙ ስክሪፕት አሉታዊውን ሁሉ ዜሮ ያደርጋል። ስለዚህ 4፣ 2፣ 0 ይወጣል። 10 ሚሊሜትር የነበረው ዝናብ 6 ሆነ። ቀይ መብራት የለ፣ ኢሜይል የለ። ካርታው ሳይቀር ያምራል።

የትንበያ ዳታ የሚቀመጥበት የግሪብ ፎርማት ፋይል ራሱ ቁጥሩ የየትኛው ሰዓት እንደሆነ ይናገራል፣ ማንበብ ነበረባችሁ ብትሉ አልከራከርም። ግን ስክሪፕቱን የጻፈው ልጅ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ቆይቷል። አሁን ያሉት የሚያውቁት ዝናብ በዚህ ስም እንደሚመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይኸው፦ ይዘቱ ከተቀየረ ስሙም ይቀየር። የድሮውን ስም የሚፈልግ ስክሪፕት ያጣውና ይቁም። ቢቆም ይሻለናል።

ሁለተኛው፣ የሞዴሉን ለውጥና የፋይሉን ለውጥ በአንድ ቀን አታድርጉት። ሙቀቱ በአንድ ሌሊት በሦስት ዲግሪ ቢዘል አዲሱ ሞዴል ነው ወይስ እኛ የምናነብበት መንገድ? ሁለቱ ከተደበላለቁ መለየት መከራ ነው። መጀመሪያ በአሮጌው ሞዴል አዲሱን ፎርማት እንልመድ፤ ሞዴሉ ከዚያ ይምጣ።

ሦስተኛው፣ አሮጌውና አዲሱ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ይቆዩ፤ ይህን ስንል ወጪው እንደሚከብዳችሁ ይገባኛል። ሁለት ሞዴል ለወራት ማስላት ቀልድ አይደለም። ነገር ግን የአዲሱን ሞዴል ውጤት በአሮጌው ፎርማት ገልብጦ ማስቀመጥ ያን ያህል አይከብድም፤ የምንለምነው በዋናነት እሱን ነው። እስከ መቼ? ቢያንስ አንድ የዝናብ ወቅት እስኪያልፍ። በደረቅ ወር የተሞከረ የዝናብ ዳታ ሁልጊዜ ፈተና ያልፋል፤ ከዜሮ ላይ ዜሮ ቢቀነስ ያው ዜሮ ነው።

ማስታወቂያውም ቁርጥ ያለ ይሁን። «በቅርቡ ማሻሻያ ይደረጋል» ለእኛ ምንም አይጠቅምም። ቀኑን ብቻ ሳይሆን የትኛው ዙር እንደሆነ ንገሩን፤ «ከ12 ዩቲሲው ዙር ጀምሮ» እንደሚባለው (ዩቲሲ ዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር ነው)። የአሜሪካው ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የለውጥ ማስታወቂያ ቀድሞ ያወጣል፤ ከባድ አየር ሲያሰጋም የታቀደ ለውጥን ያራዝማል። የአውሮፓው ማዕከል ደግሞ አዲሱ ቨርዥን ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሙከራ ዳታ ይለቃል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት አዲሱ የዳታ መለዋወጫ ሥርዓት ዊስ 2.0 አዲስ ዳታ ሲወጣ በኤምኪውቲቲ፣ ማለትም ለሚጠባበቁ ፕሮግራሞች ወዲያው በሚደርስ መልእክት ያሳውቃል። የለውጥ ወሬም በዚያው ዓይነት መንገድ ቢመጣ ስክሪፕታችን ራሱ ያነብበዋል፤ የማስታወቂያ ገጻችሁን ማን በየጠዋቱ ይከፍታል?

ለጅምሩ በጀት አያስፈልግም። የሚቀጥለው ለውጥ ቀንና ዙር ይለጠፍ፤ ከጎኑ የአንድ ቀን የሙከራ ፋይልና የሚነጋገሩት ሰው አድራሻ ይቀመጥ። አውርደን እንሞክረዋለን፤ ያልሠራውን በማግስቱ እንጽፍላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከዳታው ተጠቃሚዎች አንዱ