እማማንና አባባን ከአጋሮ ስለማምጣት

ስቶክሆልም፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለወንድም ጋሼ፣
ጅማ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት በስልክ የጀመርነው ጉዳይ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ደግሞም በስልክ እኔ ስለፈልፍ እርስዎ ዝም ብለው ስለሚሰሙኝ፣ ሐሳቤን በጽሑፍ ማቅረብ መርጫለሁ።

እማማ በነሐሴ ግቢው ውስጥ ጭቃ አንሸራቷቸው ከወደቁ ወዲህ፣ ሁለቱን ብቻቸውን አጋሮ መተው እንደማይገባ ሁላችንም ተስማምተናል። ያልተስማማነው የት ይምጡ በሚለው ነው። ታናሻችን አዲስ አበባ ይምጡ ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ስለነበርኩ በእሱ ልፈርድ አልችልም። አባባን ለዓይናቸው ሕክምና ብለን ወስደን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስናስቀምጣቸው፣ ሊፍት እንደሌለው እያወቅሁ «ይለምዱታል» ያልሁት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ወር «እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ሰቀላችሁኝ» ብለው ተመለሱ። ያን ጊዜ ይሄዱ እንደሆነ እሳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ የአሁኑ ልመናዬ ወደ እርስዎ ግቢ ይምጡ የሚል ነው። አዲስ አበባ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አጋሮ ግን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ጉዳይን ጨርሶ በቀኑ መመለስ ይቻላል። ይህ ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚታየኝ በዕድሩ ነው። እማማ ከአርባ ዓመት በላይ የከፈሉበትን ዕድር ጥለው አዲስ አበባ ቢገቡ፣ በስተእርጅና መግቢያ ከፍለው ማንም በማያውቃቸው ሰዎች ድንኳን ውስጥ ሊቀመጡ ነው። «ማን ሊቀብረኝ ነው?» ሲሉ እኛ እንደ ሟርት እየቆጠርን እናስቆማቸዋለን እንጂ፣ እሳቸው የሚጠይቁት የቁም ነገር ነው። ጅማ ከሆኑ ግን ወርሃዊ መዋጮው ከዚያ እየተላከ፣ ለቅሶም ሲኖር እየደረሱ አባል ሆነው ሊቀጥሉ ይችሉ ይሆናል። ይህን የሚወስነው የዕድሩ ደንብ ስለሆነ ዳኛውን አስቀድመው ያነጋግሩልኝ።

አባባን የሚይዛቸው ቡናው ነው። መሬቱ የማይሸጥ የማይለወጥ ስለሆነ ይዞታው በስማቸው፣ ደብተሩም በእጃቸው ይቆይና ማሳውን ለጎረቤታችን ልጅ በእኩል ይስጡት፤ ውሉ ግን በቃል እንዳይቀር፣ በጽሑፍ ይሁን። በለቀማው ወራት ደግሞ አጋሮ ሰንብተው፣ እሸቱ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ቁጭ ብለው ይዩ፤ ማንም እንደ እሳቸው አያየውም። በዚህም ምክንያት ጉዞው ከጥምቀት በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ለቀማው ያልቃል፣ መንገዱም ደረቅ ይሆናል።

ከቀበሌያቸው መሸኛ ሳያወጡ እንዳይነሱ አደራ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድናቸውም የተመዘገበው በሚኖሩበት ቦታ ስለሆነ፣ ዝውውሩ እንዴት እንደሚፈጸም እዚያው አጋሮ ሳሉ ይጠየቅ። አባባ ለስኳራቸው ክትትል ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በየጊዜው ሌሊት ተነሥተው የሚመጡት ነገርም በዚሁ ይቀርላቸዋል።

በግቢዎ ያሉት ሁለቱ ሰርቪስ ክፍሎች ለተማሪዎች መከራየታቸውን አውቃለሁ። ልጆቹ ፈተናቸውን ሳይጨርሱ ማስወጣት ነውር ስለሆነ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ይታገሡ፤ የሚቀርብዎትን ኪራይ በየወሩ የምልከው እኔ ነኝ፤ በዚህ አንከራከር።

አሁን ስለ ቤቱ ልጻፍልዎ፤ ይህ እንጀራዬ ስለሆነ ትንሽ አውቃለሁ። እዚህ አገር አንድ አዛውንት ቤታቸው ውስጥ መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው፣ ማመልከቻቸው ተቀባይነት ካገኘ ማዘጋጃ ቤቱ ወጪውን ችሎ የበሩን ደፍ ያስነሣል፣ ሽንት ቤቱ ውስጥም መያዣ ያስተክላል። ባለፈው ዓመት የምንከባከባቸው የዘጠና አንድ ዓመት ሴት ለልጃቸው ቅርብ እንዲሆኑ ቤት ቀይረው መጡ። ሌሊት ሌሊት እየተነሡ በግራ እጃቸው ግድግዳውን ይዳብሳሉ። ለካስ በቀድሞው ቤታቸው የመብራቱ ማብሪያ በግራ በኩል ነበር። አልጋውን አዙረን እንደ ድሮው ብናደርገው ዳበሳው ቀረ። ስለዚህ የአባባ አልጋ እንደ አጋሮው ግርጌው ወደ በሩ፣ ግድግዳው በቀኛቸው ይሁን፤ አሮጌውን ቁም ሳጥንም ጨምረው ያምጡት፣ አስቀያሚ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ከክፍሉ እስከ ሽንት ቤቱ ያለው መሄጃ ከክረምት በፊት ድንጋይ ይነጠፍበት፣ አምፖልም ይሰቀልበት፤ ሽንት ቤቱ ውስጥ መቀመጫና በእጅ የሚያዝ ብረት ያስገጥሙለት።

አንድ ነገር ያስቀኛል። በርጩማ የጅማ መኩሪያ ሆኖ ሳለ፣ እማማ አሁን ቡና የሚያፈሉበት በርጩማ እጅግ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ከተቀመጡ በኋላ የሚያነሣቸው ሰው ይፈልጋሉ። ለአናጢ ነግረው ባለሦስት እግሩን ቅርጽ ሳይለቅ ከፍ ያለ ያስጠርቡላቸው። እማማን ከተረከዝ እስከ ጉልበት በክር ለክተው ክሩን ለጠራቢው ይስጡት፤ በግምት እንዳይሠራው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አጋሮ ይውረዱና ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቁልኝ። እማማ አባባ ባሉበት «እሱ እንዳለው» ከማለት አያልፉም። ቡና አጣጫቸው የሆኑት ጎረቤታችንም የሚሉትን ይስሙ፤ የእማማን ሆድ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። እምቢ ካሉ ለጉዞ ያሰብሁትን ገንዘብ የአጋሮውን ቤት ለማደስና አብራቸው የምታድር ልጅ ለመቅጠር እናውለዋለን፤ እኔም አልቀየምም። ያሉትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይጻፉልኝ፤ «ደስ ብሏቸዋል» የሚል መልስ ግን አልቀበልም።

እትዬንና ልጆቹን ሳሙልኝ።

ታናሽ እህትዎ