የአሮጌ ጃኬት ቆዳ በእሳት አይለይም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አሮጌ ጃኬታቸው ከየትኛው እንስሳ ቆዳ እንደተሠራ ለጠየቁ አንባቢ በአምዳችሁ የሰጣችሁት መልስ፣ ከጃኬቱ ጫፍ ጥቂት ቆርጦ በክብሪት ማቃጠልንና በላዩ ላይ ውኃ ማንጠብጠብን የሚመክር ነበር። የቆዳ ልብስ በመጠገን የምተዳደር እንደመሆኔ፣ ምክሩ ጠያቂውን ወደሚፈልጉት መልስ እንደማያደርሳቸው፣ ይባስ ብሎም ልብሱንም ራሳቸውንም ሊጎዳ እንደሚችል ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

እሳት ቢበዛ የሚነግረን ነገሩ ቆዳ ይሁን ፕላስቲክ ብቻ ነው። ቆዳ ሲቃጠል የተለበለበ ፀጉር ይሸታል፤ የበግም ይሁን የፍየል ወይም የከብት ሽታው አንድ ነው። ለዚያውም ብዙ ቆዳ ላዩ ፕላስቲክነት ባለው ቀለም ስለሚለበጥ፣ የሁለቱ ሽታ ተደባልቆ ይወጣና የሚያሸተውን ሰው ያሳስተዋል። ጃኬቱ ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጢሱ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለውን፣ ዓይንንና ጉሮሮን የሚያቃጥል ጋዝ ይይዛል። የውኃው ጠብታም ቢሆን የሚመሰክረው ስለ ሽፋኑ እንጂ ስለ እንስሳው አይደለም፤ ሽፋኑ የሳሳ ቆዳ ውኃውን ይመጥጣል፣ በወፍራም ቀለም የተለበጠው ደግሞ ያንከባልለዋል።

እንስሳውን የሚያሳውቀው ፀጉሩ በቅሎበት የነበረው ቀዳዳ አሰላለፍ ነው። ለዚህም 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽርና ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይበቃል። በከብት ቆዳ ላይ ቀዳዳዎቹ ደቃቅና እኩል የተበተኑ ሆነው ይታያሉ፤ ረድፍ አይሠሩም። በፍየል ቆዳ ላይ ግን ትልልቆቹ ቀዳዳዎች በረድፍ ተሰልፈው፣ ደቃቆቹ በአጠገባቸው ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ገጹም ሲዳስሱት ጉብ ጉብ ያለ ነው። የበግ ቆዳ ልስልስና ልል ሲሆን፣ በውስጡ የነበረው ብዙ ስብ በሚለፋበት ጊዜ ስለሚወጣ በላይኛውና በታችኛው ንብርብር መካከል ክፍተት ይቀራል፤ ባረጀ የበግ ቆዳ ጃኬት ክርን ላይ የላይኛው ገጽ እየተሸበሸበ የሚላቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። የአሳማውን ለመለየት ብዙ አያደክምም፤ ቀዳዳዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፣ ቆዳውን አልፈውም በጀርባው በኩል ይታያሉ።

የሚያስቸግረው የፈረስ ቆዳ ነው፤ ከከብት ቆዳ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳ ይከራከሩበታል። በዚህ ላይ የሞዴል ስም ሰውን ያዘናጋል። የአሜሪካ ጦር በ1931 እ.ኤ.አ. ለአብራሪዎቹ የተቀበለው ኤ-2 የተባለው ጃኬት በአብዛኛው ከፈረስ ቆዳ ይሠራ ስለነበር፣ ያንን ቅርጽ የያዘ ጃኬት ሁሉ የፈረስ ነው የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ራሱ ኤ-2 ከፍየል ቆዳም ተሠርቷል፣ ቅርጹን የቀዱት ደግሞ ባገኙት ቆዳ ሠርተውታል።

ከየት ይታያል ለሚለው፣ ከኮሌታው ሥርና ከኪሱ አፍ ውስጥ መጀመር ይሻላል፤ እዚያ ፀሐይም ላብም ቀለም ማደሻም ብዙ አልደረሰም። ከገበሩ ስፌት ጥቂት ተፈትቶ የቆዳው ጠርዝ ቢታይ ደግሞ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ደቃቅ ቃጫ ካለ ቆዳ ነው፣ የተሸመነ ጨርቅ ከታየ ላዩ የተለበጠ ሰው ሠራሽ ነው። የጠርዙ መሐል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ከሆነ ክሮም በሚባል የማዕድን ኬሚካል የለፋ መሆኑን ይጠቁማል፤ ቡናማ ከሆነ በዕፅዋት ሳይለፋ አይቀርም። ነገር ግን ቀለሙ እስከ ውስጥ ዘልቆ ከገባ ይህ ምልክት አይታመንም።

አምዳችሁ ሳይነካው ያለፈው ትልቁ ጉዳይ የታተመ ገጽ ነው። ጠባሳ የበዛበት የከብት ቆዳ ላዩ ተፍቆ፣ በቀለም ተሸፍኖ፣ በጋለ የብረት ሰሌዳ የፍየል ገጽ ይታተምበታል። እንዲህ ያለውን የሚያጋልጠው ድግግሞሹ ነው፤ የተፈጥሮ ገጽ ከጀርባ ወደ ሆድ ሲሄድ ይለዋወጣል፣ የታተመው ግን ከእጅጌ እስከ ደረት አንድ ዓይነት ነው። ቀዳዳው ከጠፋ በኋላ በዓይን ብቻ እርግጠኛ መልስ የሚሰጥ ሰው ካለ እኔ አላምነውም። በቆዳው ውስጥ ያለውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን የሚመረምር ላቦራቶሪ እንስሳውን ሊለይ ይችላል፤ ይህ ግን ለሙዚየም ዕቃ እንጂ ለሚለበስ ጃኬት የሚያስኬድ አይመስለኝም።

ጠያቂው ጃኬቱን ለማስጠገን አስበው ከሆነ የሚያስፈልጋቸው ከዚህ ያነሰ ነው። ቆዳው ቀጭንና ልል መሆኑ ከታወቀ መርፌው ደቃቅ፣ ስፌቱ ሰፋ ያለ፣ ከሥሩም ደጋፊ ጨርቅ ያለው እንዲሆን ይደረጋል፤ የተቀራረበ ስፌት እንዲህ ያለውን ቆዳ በመስመሩ ላይ ይቀደዋል። ይህን ለመወሰን የእንስሳውን ስም ማወቅ ግድ አይደለም። የማቃጠሉን ምክር ግን በሚቀጥለው እትም እንድትሽሩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቆዳ ልብስ ጠጋኝ