ለልጄ፣ የስፌት ላይን ላይ ከመቀመጥሽ በፊት

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መቀጠርሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሥራ ሳትጀምሪ እንዲደርስሽ ብዬ ነው ቶሎ የምጽፍልሽ። ብዙ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥለው ይወጣሉ፤ ለምን እንደሚጮህባቸው የሚያስረዳቸው የለም።

ሁሉም ነገር የሚዞረው በሰዓት ታርጌት ላይ ነው፤ በአንድ ሰዓት ሰፍተሽ መጨረስ ያለብሽ ቁጥር ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ስፌት የተመደበ ደቂቃ አለ። ጎን መዝጋት ግማሽ ደቂቃ ከተያዘለት መቶ በመቶ ማለት በሰዓት 120 ነው፤ ላይኑ፣ ማለትም ልብሱን እየተቀባበላችሁ የምትሰፉበት የማሽኖች ተራ፣ በ60 በመቶ ከታቀደ ካንቺ የሚጠበቀው 72 ነው። ሱፐርቫይዘሯም በየሰዓቱ ሰሌዳው ላይ በሚጻፈው ቁጥር ትጠየቃለች፤ ጩኸቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ካንቺ በፊት ያለችው 50 ብቻ ካሳለፈች አንቺ 72 ከየት ታመጫለሽ? ማታ ግን ጉድለቱ የሁላችሁም ይሆናል። ስለዚህ ኪስሽ ውስጥ ትንሽ ደብተር ይኑርሽ፦ «3፡20 ማሽን ቆመ፣ 3፡45 መካኒክ ሠራው»፣ «5፡10 ክር አለቀ»። ወዲያው ለሱፐርቫይዘሯም ንገሪ። ማታ የተነገረ ምክንያት እንደ ሰበብ ነው የሚቆጠረው።

ስፌት ከዘለለ ማሽኑን አጥፊና መርፌውን እዪ። መጣመም የለበትም፤ እስከ ላይ ድረስ መግባት አለበት፤ በሲንግል ማሽን (ባለ አንድ መርፌው ተራ ማሽን) የመርፌው ረጅሙ ቦይ ወደ ግራ ይዞራል። ከሥር ክር ከተንዠረገገ የላይኛው ክር ላልቷል ወይም ከማጥበቂያው ወጥቷል። ጨርቁ ከተሸበሸበ ደግሞ ብዙ ጊዜ ክሩ ከልክ በላይ ጠብቋል።

መርፌ ከተሰበረ ግን አደራ፣ አትደብቂ። እጅሽን ሰብስበሽ ማሽኑን አቁሚ፣ ስብርባሪውን በሙሉ ፈልገሽ አስረክቢ፤ አዲስ መርፌ የሚሰጥሽ ያኔ ነው። አንድ ስባሪ ከጠፋ አጠገብሽ ያለው ልብስ ሁሉ በብረት መፈተሻ ያልፋል። ላይኑ ይቆማል፣ ሱፐርቫይዘሯም ትቆጣለች። ትቆጣ። ያ ስባሪ የሕፃን ልብስ ውስጥ ገብቶ ከሚሄድ ይሻላል።

ሽንት ቤት ለመሄድ መውጫ ካርድ የሚጠይቁ ላይኖች አሉ። ወረፋ ፈርተሽ ውሃ መጠጣት አትተዪ፤ ኩላሊትሽን ትጎጂያለሽ።

ስለ ታርጌት መጮህ አንድ ነገር ነው፤ ስድብና መነካካት ግን ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ጾታዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያየ ሰው ካለም ጽፈሽ ለሰው ሀብት ክፍል አስገቢ፤ ቅጂው ላይ አስፈርመሽ አንቺ ጋ አስቀሪ።

የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉና መቅረት አታብዢ። ከታመምሽ በጊዜ ደውዪ፣ የሐኪም ወረቀትም ያዢ። የአቴንዳንስ ቦነስ (ሳይቀር ለሠራ የሚሰጥ ጉርሻ) ባለበት ፋብሪካ የአንድ ቀን መቅረት ቦነሱን በሙሉ ሊያስቀርብሽ ይችላል።

ኦቨርታይም (ከመደበኛው ሰዓት በላይ የሚሠራ ሥራ) በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት በ2፣ በበዓል በ2.5 ይባዛል። የአንድ ሰዓት ክፍያሽን ለማግኘት የወር ደመወዝሽን ለ208 አካፍዪ። ደመወዝሽ 2,500 ብር ቢሆን ሰዓቱ 12 ብር ገደማ፣ ቀን የተሠራ ኦቨርታይም 18 ብር ገደማ ነው። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ከዚያም የገቢ ግብር ይቆረጣል፤ ሌላ ቅናሽ ካየሽ ምን እንደሆነ ጠይቂ።

የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ከደብተርሽ ጋር አብረን እናሰላዋለን።

እናትሽ