«ሴቶች ሁሉ ተመርመሩ» ማለት አይበቃም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ማህፀን በር ካንሰር የሚተላለፈው ጥሪ ብዙ ጊዜ «ሴቶች ሁሉ ተመርመሩ» በሚለው ያበቃል። ለየትኛዋ ሴት የትኛው ምርመራ እንደሚሆን ግን አይነገርም።

በየጤና ጣቢያው የተለመደው ምርመራ በዓይን የሚታይ ነው። ነርሷ ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ (አቼቶ ውስጥ ያለው ያው ነው) የማህፀን በሩን በጥጥ ቀብታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትጠብቃለች። የተለወጡ ሕዋሳት ካሉ ጠርዙ የለየ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ደቂቃው ሳይሞላ ከታየ ወይም የባትሪው ብርሃን ከደከመ ነጩ ያመልጣል።

ይህ ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት ጥሩ ነው። ላረጠች ሴት ግን አይሆንም። ካንሰሩ የሚጀምርበት ቀለበት ከማረጥ በኋላ ወደ ማህፀን በሩ ቦይ ውስጥ ይሸሻል፤ ዓይን አይደርስበትም። በዘመቻ ላይ የ60 ዓመት እናት «ምንም የለብዎትም» ተብለው ሲሸኙ እጅግ ያሳዝናል፤ ነጭ አለመታየቱ ለእሳቸው ማስረጃ አይደለምና። የሚያስፈልጋቸው የኤችፒቪ (ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ነው፤ ናሙናውን ራሳቸው መውሰድ ይችላሉ። ካረጡ በኋላ ደም ከታያቸው ደግሞ ነገሩ ከቅድመ ምርመራ አልፏል፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መላክ አለባቸው።

ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ለዚህ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ስድስት እጥፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ምርመራቸው ከ25 ዓመት እንዲጀመር ይመክራል። መድኃኒት ሊወስዱ በመጡበት ቀን ቢመረመሩ ሌላ ቀጠሮ አያስፈልግም።

ነጭ ከታየ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ወደ ቦዩ ካልገባና ካንሰር ካልተጠረጠረ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። «ባለቤቴን ላማክርና ልመለስ» ብለው ሄደው የሚቀሩ ብዙ ናቸው። ከሕክምናው በኋላ ለአንድ ወር ያህል ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፤ በዚያ ጊዜ ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባልየው አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። ከዓመት በኋላም ድጋሚ ይታያል።

ለልጃገረዶች የሚሆነው የኤችፒቪ ክትባት ነው፤ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። የተከተበችም ብትሆን ስታድግ መመርመሯ አይቀርም።

ጋዜጣችሁ ዘመቻ ሲዘግብ የተመርማሪዎቹን ቁጥር ብቻ አይጻፍ። ነጭ ከታየባቸው ስንቱ በዚያው ቀን ታከሙ፣ ያረጡትስ ወዴት ተላኩ ብሎ ይጠይቅልን።