የባቡሩ ታሪክ ከየቤቱ ይሰብሰብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ድሬዳዋ ባቡር ሲወራ የሚደጋገመው ያው ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ገባ፤ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ልክ ነው። ግን ሐዲዱን የዘረጋው፣ ፉርጎውን የጠገነው ሰውስ?

እኔ የማጠናው እሱን ነው። መስመሩ መጀመሪያ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪውም ከበደ፤ ስለዚህ ከሥር ሜዳው ላይ ቀረ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚህ ምክንያት ነው። ያኔ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር።

የባቡር ኩባንያው ሰነድ በብዛት በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። የሠራተኛው ታሪክ ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ በአዛውንቶች አፍ ላይ ነው ያለው። እነሱ ካለፉ በኋላ ከየት እናመጣዋለን?

ጡረተኞችና ቤተሰቦቻቸው እባካችሁ ሣጥናችሁን ክፈቱ። የደመወዝ ወረቀት፣ የሥራ መታወቂያ፣ ከባቡሩ ጎን የተነሳ ፎቶ፣ ሁሉም ይጠቅማል። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ አባት ወይም እናት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁና ስማቸውን፣ ዓመቱንና ጣቢያውን ከጀርባው በእርሳስ ጻፉ። ኤረር ይሁን ሚኤሶ፣ ለእኛ ትልቅ ልዩነት አለው። አጥር ውስጥ የቆመ አሮጌ ሐዲድ ያላችሁም ጎኑን ጥረጉና እዩት፤ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት ተቀርጾበት ሊሆን ይችላል። ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ በስልክ ማንሳት ይበቃል።

ዝግጅት ክፍላችሁም ለእነዚህ ፎቶዎች በየሳምንቱ አንዲት ጥግ ቢሰጥልን ደስ ይለናል።

አክባሪያችሁ፣
ከድሬዳዋ